የሰማዩን ጣሪያ ያገኘው ተመራማሪ

ከቦረና ቆላ ተነሥቶ ወደ ባሌ ተራሮች የሚወጣ መንገደኛ ሽቅብ በሄደ ቁጥር ብርዱ እንደሚበረታ ያውቃል። ከ120 ዓመታት በፊት የነበሩ የአውሮፓ ሊቃውንትም ቅዝቃዜው ወደ ሰማይ በተወጣ መጠን ያለማቋረጥ እየጨመረ እንደሚሄድ ያምኑ ነበር። ይህን እምነት ከለወጡት ሰዎች ቀዳሚው ፈረንሳዊው የአየር ጠባይ ተመራማሪ ሊዮን ቴስራን ደ ቦር ነው።

ቴስራን ደ ቦር እ.ኤ.አ. በ1855 በፓሪስ ተወለደ። በአገሩ ማዕከላዊ የሜትዎሮሎጂ ቢሮ ለዓመታት ካገለገለ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1896 ሥራውን ለቅቆ በፓሪስ አቅራቢያ በምትገኘው ትራፕ በራሱ ሀብት የምርምር ጣቢያ አቋቋመ። ከዚያም የሙቀትንና የአየር ግፊትን መጠን በራሳቸው የሚመዘግቡ መሣሪያዎችን በሃይድሮጂን ፊኛ ወደ ሰማይ ይልክ ጀመር።

በዚያ ዘመን መረጃውን ከሰማይ በሬዲዮ መቀበል አይቻልም ነበር። መሣሪያው ከማሳ ወይም ከጫካ ይወድቃል፤ ያገኘው ገበሬ ካልመለሰው ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ይቀራል። ስለዚህ ለመላሹ ወሮታ እንደሚከፈል የሚገልጽ ጽሑፍ አብሮት ይታሰር ነበር።

የተመለሱት መዝገቦች እንግዳ ነገር አሳዩ፤ ከ11 ኪሎ ሜትር ግድም በላይ ቅዝቃዜው መጨመሩን ያቆማል። ይሁን እንጂ ፀሐይ መሣሪያውን አሙቃው የተፈጠረ ስሕተት ሊሆን ይችላል የሚል ጥርጣሬ ነበር። ቴስራን ደ ቦር ግኝቱን ለማወጅ አልቸኮለም፤ ፊኛዎችን በሌሊት ጭምር እየላከ ልኬቱን ደጋገመ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1902 ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ሲያቀርብ የ236 ፊኛዎችን ውጤት ይዞ ነበር። በዚያው ሰሞን ጀርመናዊው ሪቻርድ አስማን ተመሳሳይ ግኝት አቀረበ። ቴስራን ደ ቦር ኋላ ላይ የታችኛውን የአየር ንብርብር ትሮፖስፌር፣ የላይኛውን ስትራቶስፌር ብሎ ሰየማቸው።

ምርምሩ በሙቀት ብቻ አልተገደበም። አየሩ የወጣለት የብርጭቆ ቱቦ በፊኛ ልኮ፣ ከፍታ ላይ ተከፍቶ መልሶ እንዲታሸግ በማድረግ እንደ አርጎንና ኒዮን ያሉ በጥቂቱ የሚገኙ ጋዞችን መረመረ።

እ.ኤ.አ. በ1908 ደግሞ አርተር በርሰን በቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ፊኛዎችን ልኮ የምሥራቅ አፍሪካን ከፍተኛ ሰማይ ለካ። ዛሬ እንደሚታወቀው፣ ቦረናን በመሰሉ ለምድር ወገብ ቅርብ በሆኑ አካባቢዎች የትሮፖስፌር ጣሪያ ከ16 እስከ 17 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በገናም ሆነ በሀገያ ዝናብ ሽቅብ የሚያድገው የነጎድጓድ ደመና እዚህ ጣሪያ ሲደርስ አናቱ እንደ ግራር ጥላ ይንጣለላል።

ቴስራን ደ ቦር እ.ኤ.አ. በጥር 1913 አረፈ። ያ ንብርብር ለምን እንደሚሞቅ በሚገባ የተረዳው ከእርሱ በኋላ የመጣው ትውልድ ነው፤ ምክንያቱ ከአንድ ሚሊዮን የአየር ቅንጣቶች መካከል አሥር ያህል እንኳ የማይሞላው ኦዞን ነው። ይህ ጋዝ ሰውን፣ ከብትንና ሰብልን የሚጎዳውን የፀሐይ ጨረር ይውጣል። በጎረቤት ናይሮቢም ኦዞንን የሚለኩ ፊኛዎች ለዓመታት ሲላኩ ቆይተዋል። የዚህ እውቀት መሠረት የተጣለው በአንድ ሰው ትዕግሥትና ከማሳቸው ያገኙትን መሣሪያ በመለሱ ስማቸው ባልተመዘገበ ገበሬዎች ታማኝነት ነው።