ኮሞዶሩና የመሻገሪያው ዋጋ

ቫንደርቢልት ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን በአሜሪካ ቴነሲ ያለው ዩኒቨርሲቲ ነው። እኔም ስለ ሰውየው ማንበብ ስጀምር ከዚያ የዘለለ አላውቅም ነበር። ለካ የሀብቱ ሁሉ መነሻ አንዲት የሸራ ጀልባ ናት!

ኮርኔሊየስ ቫንደርቢልት በ1794 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ከማንሃተን ማዶ ባለችው ስታተን ደሴት ተወለደ። ገና በልጅነቱ ትምህርቱን ትቶ አባቱን በጀልባ ሥራ ያግዝ ጀመር። እንደሚነገረው በ16 ዓመቱ ከእናቱ 100 ዶላር ተበድሮ የራሱን ጀልባ ገዛ፤ ሰውም ዕቃም ወደ ማንሃተን ያመላልስ ነበር። ኋላ ላይ ሰው ሁሉ ኮሞዶር እያለ ይጠራው ጀመር።

በዚያን ጊዜ በኒውዮርክ ውሃ ላይ የእንፋሎት መርከብ የማሠራት መብት በሕግ የተሰጠው ለፉልተንና ለሊቪንግስተን ብቻ ነበር። ቫንደርቢልት ግን ይህን መብት የሚጋፋው ቶማስ ጊበንስ ቀጠረውና ከኒው ጀርሲ ወደ ኒውዮርክ መንገደኛ ማመላለስ ያዘ። ክርክሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1824 ፍርድ ቤቱ በስቴቶች መካከል የሚደረግን ንግድ የሚቆጣጠረው ኮንግረስ ነው ብሎ ወሰነ፤ የብቻ መብቱም ፈረሰ።

እስከዚህ ሳነብ ሰውየውን ወድጄው ነበር። ጀግና ነው አልኩ።

በ1834 በሀድሰን ወንዝ ላይ መስመሩን የተቆጣጠረ የመርከብ ባለቤቶች ማኅበር ገጠመው። ቫንደርቢልት የራሱን መስመር የሕዝብ መስመር ብሎ ሰየመና ዋጋውን ክፉኛ ሰበረው። ተሳፋሪው ደስ አለው። ማኅበሩ ግን ኪሳራው ሲበዛበት ገንዘብ ከፍሎ ከወንዙ አስወጣው። እሱ ገንዘቡን ይዞ ሄደ፤ ሕዝቡም ርካሹ ጉዞ ቀረበት።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ካሊፎርኒያ ወርቅ ተገኝቶ ሰው ሁሉ ወደዚያ ሲጎርፍ፣ በ1851 በኒካራጓ በኩል በወንዝ፣ በሐይቅና በየብስ የሚያልፍ አጭር መስመር ከፈተ። ይህ መስመር በጦርነት ከተዘጋ በኋላ በፓናማ በኩል የሚሠሩት ሁለት ኩባንያዎች እንዳይወዳደራቸው በወር 40,000 ዶላር፣ በኋላም 56,000 ዶላር ይከፍሉት ጀመር። ልብ በሉ፣ ላለመሥራት ነው የሚከፈለው! ያንን ገንዘብ በመጨረሻ የሚሸፍነው ደግሞ ቲኬት የሚቆርጠው መንገደኛ ነበር።

በ1860ዎቹ መርከቡን ትቶ ወደ ባቡር ዞረ። ለዩኒቨርሲቲው 1 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። በ1877 ሲሞት የተወው ሀብት 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፤ አብዛኛውን የወረሰው ልጁ ዊልያም ነው።

ታዲያ ቫንደርቢልት የሕዝብ ወዳጅ ነው ወይስ ነጋዴ ብቻ? እኔ እንደሚመስለኝ ዋጋ መቀነሱም ሆነ የብቻ መብት መስበሩ እውነተኛ ጥቅም አምጥቷል፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ሕዝብ የሚለው ስም መርከቡ ላይ የቆየው ውድድሩ እስካዋጣው ድረስ ብቻ ነው። ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ትምህርት የሚሆነውም ይኸው ነው። ዋጋ የቀነሰ ዕለት ሁላችንም ዜና እንሠራለን። ተፎካካሪው ድምፁን አጥፍቶ የወጣ ዕለትስ? ማን ከፈለው ብሎ የሚጠይቅ ያስፈልጋል።

ስታተን ደሴትን ከማንሃተን የሚያገናኘውን የጀልባ አገልግሎት በ1905 የኒውዮርክ ከተማ ተረከበው። ከ1997 ጀምሮ ደግሞ እግረኛ ሁሉ በነጻ ይሻገራል። ኮሞዶሩ ቢያይ ምን ይል ይሆን?