የሩፈይዳ ድንኳን

በዚህ በተከበረው የረመዷን ወር ከኢፍጣር በኋላ ቤተሰብ ተሰባስቦ ሲጫወት ስለ ሶሐቦች ታሪክ መነሳቱ አይቀርም። ዛሬ እኛም ለልጆቻችሁ ብትነግሯቸው የምንወደውን የአንዲት ሶሐቢያ ታሪክ ይዘን ቀርበናል። ይህች ሴት በኢስላም ታሪክ የመጀመሪያዋ ነርስ ተብላ የምትታወቀው ሩፈይዳ አል-አስለሚያ (ረ.ዐ) ናት።

ሩፈይዳ የአስለም ጎሳ ተወላጅ ናት። አባቷ ሰዕድ ሐኪም እንደነበሩና ሙያውን ከእርሳቸው እንደቀሰመች ይነገራል። የጥንት ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ እርሷ ሁለት ነገር ጽፈዋል። የቆሰሉትን ታክም ነበር፤ ጠያቂና አስታማሚ የሌላቸውንም ታገለግል ነበር። ለዚህ ሁሉ ድካሟ ምንዳዋን የምትጠብቀው ከአላህ ነበር።

ስሟ ጎልቶ የወጣው በ5ኛው ዓመተ ሒጅራ፣ በ627 እ.ኤ.አ. መዲና በጠላት በተከበበችበት የኸንደቅ ዘመቻ ነው። የአውስ ጎሳ መሪ የነበረው ሰዕድ ኢብን ሙዓዝ (ረ.ዐ) ክንዱ ላይ በቀስት ተመትቶ የደም ሥሩ ተቆረጠ። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ከመስጂዳቸው በተተከለው የሩፈይዳ ድንኳን ውስጥ እንዲተኛ አዘዙ። ይህንንም ያደረጉት ከቅርብ ሆነው እንዲጠይቁት ነበር። ጠዋትና ማታም ጎራ እያሉ እንዴት እንደዋለና እንዴት እንዳደረ ይጠይቁት ነበር። ሰዕድ ከዚያ ቁስል አልዳነም፤ ቁስሉ ዳግም ተከፍቶ ደሙ ፈሰሰና አረፈ።  

ቆም ብለን እንድናስብበት የምንፈልገው የድንኳኑን ቦታ ነው። ቁስለኛው ከሰው ዓይን እንዲርቅ ወደ ከተማው ዳር አልተወሰደም። ሰው በቀን አምስት ጊዜ በሚሰበሰብበት፣ ከሁሉም በላይ በሚከበረው ስፍራ ተቀመጠ። የተጎዳን ሰው መንከባከብ የመላው ማኅበረሰብ ጉዳይ መሆኑ በዚህ ታየ።

በዚያው መስጂድ የሌላ ተጎጂ መጠለያም ነበር። አንዲት ነፃ የወጣች ጥቁር ሴት ቀይ የቆዳ ጌጥ ሰርቀሻል ተብላ በሐሰት ተከሰሰች፤ ሰዎቹም ክብሯን ገፈው ገላዋን ሳይቀር ፈተሹ። ጌጡን ሥጋ መስሎት ወስዶት የነበረው ጭልፊት መልሶ ሲጥለው ንጽሕናዋ ተገለጠ። ሴቲቱ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጥታ ሰለመች፤ በመስጂዱም ትንሽ ድንኳን ኖራት። ወደ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) እየመጣች በተጫወተች ቁጥር ያንን ቀን ታነሳ ነበር። ዓኢሻም እርሺው አላለቻትም፤ ለምን ደጋግማ እንደምታነሳው ጠየቀቻትና ታሪኳን አደመጠቻት።

ዛሬ ይህን መሰል አገልግሎት የሚሰጡ የፎረንሲክ ነርሶች አሉ። ሥራቸው የተደበደቡና የተደፈሩ ሰዎችን ማከም ነው። ከመንካታቸው በፊት ፈቃድ ይጠይቃሉ፣ ቁስሉን ያክማሉ፣ የጉዳቱን ዓይነትና ቦታ በትክክል ይመዘግባሉ፣ ለፍርድ የሚሆነውን ማስረጃ ይጠብቃሉ፣ ምስጢርም አያወጡም። በአገራችንም በአዲስ አበባ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውና የሕግ ድጋፉ በአንድ ቦታ የሚገኝበት ማዕከል አለ።

ሆኖም ተጎጂዋ እዚያ የምትደርሰው ቤተሰብ ካደረሳት ነው። እኛ ግን ብዙ ጊዜ የምናደርገው ተቃራኒውን ነው። ልጅቷን አጥበን፣ ልብሷን ቀይረን፣ ስማችን እንዳይነሳ ዝም በይ እንላታለን። ጉዳዩንም በሽምግልና ልንጨርሰው እንሞክራለን። እንዲህ ሲሆን ማስረጃው ይጠፋል፤ ሕክምናውም ያመልጣል። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት ጥቃቱ ከደረሰ በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በፈጠነ ቁጥርም ይሻላል። ስለዚህ ሳትታጠብ፣ የለበሰችው ልብስም ሳይታጠብ፣ ከተቀየረም በፌስታል ሳይሆን በወረቀት ተጠቅልሎ፣ ፈጥኖ ወደ ጤና ተቋም መድረስ ያስፈልጋል። ከሁሉ በፊት ግን አምነናት እንስማት፤ ጥፋቱ የእርሷ አለመሆኑንም እንንገራት።

ሩፈይዳ ድንኳኗን የተከለችው ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ ነበር። በዚህ የእዝነት ወር የእያንዳንዳችን ቤት ለተጎዳ ሰው እንደዚያ ድንኳን ይሁንለት። አላህ ሥራዋን ይቀበላት፤ እኛንም ፈለጓን ከሚከተሉት ያድርገን።