የጠመኔው ተመራማሪ፦ የሚኻይል ፅቬት አጭር የሕይወት ታሪክ

እኛ ዕጩ መምህራን እጃችን ከጠመኔ ተለይቶ አያውቅም። አንድ ሰው በጠመኔ ዱቄት ታላቅ የምርምር በር ከፈተ ቢባል ግን ስንቶቻችን እናምናለን? ይህ ሰው ሚኻይል ፅቬት ይባላል። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ፅቬት በ1872 በወይኗ በታወቀችው በኢጣሊያ ከተማ በአስቲ ከሩሲያዊ አባት ተወለደ። እናቱ ወዲያው ስለ ሞተችበት በስዊዘርላንድ አደገ፤ በጄኔቭም ተምሮ በ1896 ዶክተር ሆነ። ወደ ሩሲያ ሲገባ ግን የውጭ አገር ዲግሪህ አይሠራም ስለ ተባለ፣ በ1901 በካዛን ሌላ ዲግሪ መያዝ ግድ ሆነበት። ቢሆንም ተስፋ አልቆረጠም።

በ1903 በዋርሶ አዲስ ዘዴ ለተመራማሪዎች አቀረበ፤ በ1906ም ክሮማቶግራፊ ብሎ ሰየመው። ዘዴው ቀላል ነው። በመስተዋት ቱቦ ውስጥ የጠመኔ ዱቄት ይጠቀጥቃል፤ የቅጠል አረንጓዴ ጭማቂ ከላይ ያፈሳል፤ ከዚያም ንጹሕ ፈሳሽ እየጨመረ ያወርደዋል። ዱቄቱ አጥብቆ የያዘው ቀለም ወደ ኋላ ይቀራል፣ ሌላው ይቀድማል። አንድ የመሰለው አረንጓዴም ቢጫና አረንጓዴ ቀለበት ሆኖ ይለያያል።

ታላላቅ ኬሚስቶች ግን አላመኑትም። ስለ ዕፅዋት ቀለም በ1915 ኖቤል የተሸለመው ቪልሽቴተር እንኳ ተጠራጥሮታል። ፅቬትን ጦርነት ከዋርሶ አፈናቀለው፤ በ1919 በቮሮኔዥ በ47 ዓመቱ አረፈ። ዘዴው እንደገና የተነሣው በ1931 የሃይደልበርግ ተመራማሪዎች ሲሠሩበት ነው።

ዛሬስ? የቀይ ወይን ቀለምና አፍ የሚያኮማትረው ታኒን ፊኖሊክ ከሚባሉ ውሁዶች ወገን ናቸው። እነሱን ለመለካት የተጣራ ወይን ደቃቅ ዱቄት በተሞላ ቀጭን የብረት ቱቦ ውስጥ በፓምፕ ይገፋል። ውሁዶቹ ተራ በተራ ሲወጡ መሣሪያው በብርሃን ይለያቸዋል፤ መጠናቸውም ልኩ ከታወቀ ናሙና ጋር ተነጻጽሮ ይሰላል። ያው የፅቬት ቱቦ ነው እኮ! የጉደር ወይንም ሆነ የቡሬ ጌሾ በዚሁ መንገድ ሊመረመር ይችላል።

ጓደኞቼ፣ ነገ ከፍኖተ ሰላም ወጥተን ቤተ ሙከራ በሌለው የገጠር ትምህርት ቤት እንመደብ ይሆናል። ያን ጊዜ ቅጠል ጨፍልቀን፣ ስፒሪቶ ጨምረን፣ የወረቀት ጫፍ ብናስነካው ቀለሙ ሽቅብ እየወጣ ሲለያይ ልጆቹ በዓይናቸው ያያሉ። ዕቃው ርካሽ ነው ብለን የተማሪን ሙከራ አንናቅ፤ የፅቬትንም የናቁት ሊቃውንት ነበሩ።