ግሬስ ሆፐር፦ የኮምፒዩተርን ቋንቋ ፈታኟ መምህርት

ኮምፒዩተር ሲነሣ የሁላችንም ሐሳብ ወደ መሐንዲስ ነው የሚሮጠው። ግሬስ ሆፐር ግን እንደኛው ጠመኔ ጨብጣ የጀመረች መምህርት ነበረች።

የተወለደችው በ1906 (እ.ኤ.አ.) ኒውዮርክ ነው። በልጅነቷ የደወል ሰዓት እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ ሰባት ሰዓት ፈታታ ብትገኝ፣ እናቷ ከእንግዲህ አንዱ ብቻ ይበቃሻል አሏት። በ1931 ቫሳር ኮሌጅ ሒሳብ ማስተማር ያዘች፤ በ1934 ከዬል ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ሆነች። በ1943 የአሜሪካ ባሕር ኃይል ተጠባባቂ ጦር ገብታ፣ በዓመቱ ሃርቫርድ በነበረው ማርክ 1 በተባለው ግዙፍ የሒሳብ መኪና ላይ ተመደበች።

በ1947 ማርክ 2 ውስጥ ስለተገኘችው የእሳት እራት ብዙ ይወራል። ያገኟት ሌሎች ሠራተኞች ናቸው፤ ሆፐር ወሬውን ነው ያሰራጨችው። በ1952 ያዘጋጀችው ኮምፓይለር፣ ማለትም ፕሮግራምን ወደ መኪናው ቋንቋ የሚመልሰው ተርጓሚ፣ ከዚህ እጅግ ይበልጣል። በ1959 ለተጀመረው ኮቦል ለተባለው ቋንቋም መሠረት የሆነው በአብዛኛው የሷ ሥራ ነው።

ለኔ ግን ትልቁ ሥራዋ ከጡረታ በኋላ የመጣው ነው። በ1966 መጨረሻ በጡረታ ተሰናብታ፣ በ1967 ለስድስት ወር ብቻ ተብላ ተጠራች፤ 19 ዓመት ያህል ቆየች! ነገሩ እንዲህ ነው። ኮቦል በስም አንድ ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱን ይጨምርበት ነበር። አንዱ ኮምፒዩተር ላይ የሠራው ፕሮግራም ሌላው ላይ እምቢ ይላል። የስሕተት ቁጥሮችን እንኳ ብናይ፣ በ1974ቱ ስታንዳርድ ፋይል ሲያልቅ 10፣ የተፈለገው መዝገብ ሲታጣ 23 መመለስ አለበት። ታዲያ አንዱ ኮምፓይለር በ10 ፈንታ ሌላ ቁጥር ቢሰጥ፣ ፕሮግራሙ ፋይሉ ማለቁን በምን ያውቃል? ደመወዝ የሚያሰላ ፕሮግራም ቢሆን ደሞ አስቡት።

ሆፐርና ባልደረቦቿ መልሳቸው አስቀድሞ የታወቀ የመፈተኛ ፕሮግራሞች አዘጋጁ፤ ልክ እኛ የፈተና መልስ እንደምናዘጋጀው ማለት ነው። ኮምፓይለሩ ይፈተናል፤ የሰጠው መልስ ከስታንዳርዱ ጋር ይመሳከራል፤ የሳተበት ቦታ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ሻጩ ስታንዳርዱን ጠብቄአለሁ ማለቱ ብቻውን ማስረጃ መሆኑ ቀረ።

በ1986 በ79 ዓመቷ በሪር አድሚራልነት ማዕረግ ተሰናበተች። ንግግር በምታደርግበት ሁሉ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ሽቦ ለአድማጮቿ ታድል ነበር፤ ብርሃን በሴኮንድ አንድ ቢሊዮንኛ የሚጓዘው ርቀት ይህን ያህል ነውና። በጥር 1 ቀን 1992 (እ.ኤ.አ.) ዐረፈች።