በዓሉ ግርማ፦ ምዕራፉ ያልተዘጋው ደራሲ

መግቢያ

የወንጀልና የስለላ ልቦለድ ሲነሳ ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚሉን የውጭ አገር ሥራዎች ናቸው። እውነት ነው፤ ዘርፉ በአውሮፓ ረጅም ዕድሜ አለው። ኖርዌያዊው ማውሪትስ ሃንሰን አንድ የማሽን ሠሪ ደብዛው ጠፍቶ ነገሩ ሲመረመር የሚያሳይ ታሪክ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1839 ነው። ይህም አሜሪካዊው ኤድጋር አለን ፖ ዘርፉን ያስጀመረበት ነው የሚባለውን አጭር ልቦለድ ከማውጣቱ ሁለት ዓመት በፊት መሆኑ ነው። በኛም አገር ቢሆን ዘርፉ ባዶ አይደለም። ከዚሁ ከወሎ፣ ከዋግ የተገኙት ደራሲ ማሞ ውድነህ በተለይ "የኛው ሰው በደማስቆ"ን በመሰሉ የትርጉም ሥራዎቻቸው የስለላ ታሪክን ለአማርኛ አንባቢ አስለምደውታል።

ይሁን እንጂ ስለላን፣ ፍቅርንና ጦርነትን በአንድ መጽሐፍ አዋህዶ፣ ያውም የራሱን ዘመን መንግሥት ከነሹማምንቱ ወደ ልቦለድ ያስገባ ደራሲ ቢፈለግ ቀድሞ የሚጠራው በዓሉ ግርማ ነው። በዓሉን ለየት የሚያደርገው ሌላም ነገር አለ። ልብ አንጠልጣይ ታሪክ የጻፈው ሰው የራሱ መጨረሻ ያልተፈታ እንቆቅልሽ ሆኖ ቀርቷል። በዚህ ጽሑፍ ሕይወቱንና ሥራዎቹን በአጭሩ እንቃኛለን። በተለይም "ኦሮማይ"ን እንደ ስለላ ልቦለድ እንዴት ማንበብ እንደምንችል ለማየት እንሞክራለን።

ልደትና ትምህርት

በዓሉ የተወለደው በ1930ዎቹ መጀመሪያ፣ በቀድሞው ኢሉባቦር ክፍለ ሀገር ሱጴ በተባለች ሥፍራ ነው። አባቱ ህንዳዊ ነጋዴ፣ እናቱ ኢትዮጵያዊት እንደነበሩ ስለ ሕይወቱ የጻፉ ሰዎች ይስማማሉ። ግርማ የሚለው ስም የአሳዳጊው ነው። ገና በልጅነቱ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በልዕልት ዘነበወርቅ ትምህርት ቤት ተማረ። ከዚያም በጎበዝ ተማሪዎቹ ወደሚታወቀው ጄኔራል ዊንጌት ገባ። ለጽሑፍና ለጋዜጠኝነት ያለው ፍቅር ጎልቶ የወጣው እዚያ ሳለ ነው።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመጀመሪያ ዲግሪውን ካገኘ በኋላ አሜሪካ ተሻግሮ በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ በጋዜጠኝነት ትምህርት ሁለተኛ ዲግሪውን ሠራ። በዚያ ዘመን እዚህ ደረጃ የደረሰ ወጣት እንደ ልቡ መሥሪያ ቤት ሊመርጥ ይችል ነበር። በዓሉ ግን አገሩ ተመልሶ ጋዜጣ ቤት ገባ።

ከጋዜጣ ቤት እስከ ሚኒስቴር

በዓሉ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ሥር በነበሩት የኅትመት ውጤቶች ያልዞረበት ክፍል ጥቂት ነው። "መነን" መጽሔት፣ "አዲስ ሪፖርተር"፣ "የኢትዮጵያ ሄራልድ" እና "አዲስ ዘመን" ሁሉም በእጁ አልፈዋል። በአማርኛም በእንግሊዝኛም እኩል መጻፍ መቻሉ ጠቅሞታል። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ደግሞ ወደ ከፍተኛ ኃላፊነት ወጥቶ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ ሆነ።

እዚህ ላይ ነገሩን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። በዓሉን ዛሬ የምናውቀው የደርግ ሰለባ አድርገን ነው። ነገር ግን ለዓመታት የዚያው መንግሥት የፕሮፓጋንዳ ሥራ ከሚመሩት አንዱ ነበር። አብዮቱን ከልቡ አምኖበት ነበር ወይስ ለእንጀራው ብቻ ይሠራ ነበር የሚለው ጥያቄ አንባቢዎችን እስከ ዛሬ ያከራክራል። ክርክሩ እንዳለ ሆኖ አንድ ነገር ግን አይካድም። ስለ ሥርዓቱ የጻፈው ከሩቅ ሆኖ በወሬ ሰምቶ አይደለም፤ ስብሰባው ላይ ተቀምጦ፣ መግለጫውን አዘጋጅቶ፣ ሰዎቹን በቅርብ አይቶ ነው።

የልቦለድ ሥራዎቹ

በዓሉ ስድስት ልቦለዶችን አሳትሟል። ሁሉንም የጻፈው ከመደበኛ ሥራው ጎን ለጎን ነው።

የመጀመሪያው በ1962 ዓ.ም. የታተመው "ከአድማስ ባሻገር" ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ አበራ ወርቁ የመንግሥት ሠራተኛ ሲሆን ልቡ ግን ያለው ሥዕል ላይ ነው። ቢሮውን ጥሎ ሠዓሊ ለመሆን ይመኛል፤ ቤተሰብና ኑሮ ደግሞ ወደ ኋላ ይጎትቱታል። ፍቅር፣ ጓደኝነትና ቅናት ተጋጭተው ወደ ጥፋት ሲወስዱት እናያለን። የአዲስ አበባን የተማረ ወጣት የልብ ባዶነት በዚህን ያህል ቅርበት ያሳየ መጽሐፍ ከዚያ በፊት ብዙ አልነበረም።

ሁለተኛው "የሕሊና ደወል" በ1966 ዓ.ም. ወጣ። ሐዲስ ሳህሌ የተባለ ወጣት መምህር ወደ ኢሉባቦር ገጠር ወርዶ ትምህርት ቤት ለመሥራት የሚያደርገውን ትግል ይተርካል። በዓሉ ይህን መጽሐፍ አልረካበትም መሰል፤ በኋላ በሰፊው እንደገና ጽፎ በ1975 ዓ.ም. "ሐዲስ" በሚል ርዕስ አሳተመው። አንድ ደራሲ የታተመ መጽሐፉን መልሶ ሲጽፍ ማየት በአገራችን ያልተለመደ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ማንበብ ለኛ ለሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ጥሩ ትምህርት ይሆናል።

በ1972 ዓ.ም. ሁለት መጻሕፍት ወጡ። "የቀይ ኮከብ ጥሪ" የአብዮቱን ዘመን ወጣቶች ሕይወት የያዘ ነው። "ደራሲው" ደግሞ ሲራክ የተባለ ጸሐፊ ከድህነት፣ ከመጠጥና ከብዕሩ ጋር የሚያደርገውን ግብግብ ያሳያል። ሲራክ የተቀዳው ከደራሲ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ነው ሲባል ብዙ ጊዜ ይሰማል። በዓሉ ገጸ ባሕርዮቹን በዙሪያው ካሉ ሰዎች የመቅዳት ልማዱ የታወቀ ነው። ይህ ልማድ ነው እንግዲህ በኋላ ጣጣ ያመጣበት።

"ኦሮማይ" እንደ ስለላ ልቦለድ

በ1974 ዓ.ም. ደርግ በኤርትራ የቀይ ኮከብ ሁለገብ አብዮታዊ ዘመቻን ጀመረ። ዓላማው የኤርትራ ሕዝብ ነጻ አውጪ ግንባርን ከናቅፋ ምሽጉ ነቅሎ ጦርነቱን መደምደም ነበር። በዓሉም ከዘመቻው የማስታወቂያ ቡድን ጋር አሥመራ ወረደ። ዘመቻው ያሰበውን ሳያሳካ ቀረ። በዓሉ ግን ይዞት የተመለሰው ማስታወሻ "ኦሮማይ" ሆነ። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታተመ። ቃሉ ከጣልያንኛ ወደ አሥመራ የመንገድ ቋንቋ የገባ ሲሆን አበቃ፣ አከተመ፣ ከእንግዲህ ወዲያ የለም እንደማለት ነው።

ታሪኩን የሚነግረን ጸጋዬ ኃይለማርያም የተባለ ጋዜጠኛ ነው። አዲስ አበባ ላይ እጮኛው ሮማን ትጠብቀዋለች። አሥመራ ሲደርስ ግን ከፊያሜታ ጊላይ ጋር በፍቅር ይወድቃል። ከፍቅሩ ጀርባ ሌላ ታሪክ ይሄዳል። በከተማዋ ውስጥ የግንባሩ የስለላ መረብ ተዘርግቷል። ስዕላይ የተባለው ሰው መረቡን በኅቡእ ይመራል፤ የደኅንነቱ ሰው ኮሎኔል በትሩ ደግሞ እግር በእግር ይከታተለዋል። ማን ለማን እንደሚሠራ አይታወቅም። ቡና ቤት አብሮ የሚጫወት ሰው ማታ ሌላ ሰው ሆኖ ይገኛል።

በሴራ አወቃቀር ረገድ ስናየው በዓሉ የስለላ ልቦለድን ሕግ ጠንቅቆ እንደሚያውቅ እንረዳለን። አንደኛ፣ አንባቢው ከተራኪው ቀድሞ የሚያውቃቸው ነገሮች አሉ። ጸጋዬ በፍቅር ሲቅበጠበጥ እኛ አደጋው ሲቀርብ እናያለን፤ ልብ የሚሰቀለው በዚህ ነው። ሁለተኛ፣ መቼቱ ራሱ ይሠራል። የአሥመራ ዘንባባዎች፣ ቡና ቤቶቿና ሰዓት እላፊዋ ጌጥ ብቻ አይደሉም፤ ሰው ተደብቆ የሚገናኝባቸውና የሚያዝባቸው ቦታዎች ናቸው። ሦስተኛ፣ ጠላት የተባለው ወገን እንደ ጭራቅ አልተሳለም። የራሱ ዓላማና ብልሃት ያለው ሰው ሆኖ ቀርቧል። በዚያ ዘመን መንግሥት ወንበዴ ይለው የነበረን ወገን እንዲህ አድርጎ መሳል ቀላል ነገር አልነበረም።

ከተራ የስለላ መጽሐፍ የሚለየው ደግሞ መጨረሻው ነው። በተለመደው የዘርፉ አካሄድ ሰላዩ ይያዛል፣ ወንጀሉ ይፈታል፣ አንባቢም እፎይ ይላል። "ኦሮማይ" ላይ ግን ታሪኩ ከከተማው ወጥቶ ወደ ናቅፋ ተራሮች ይወጣል። እዚያ አሸናፊ የሚባል ሰው አናገኝም፤ የምናገኘው የወጣት ሬሳ ነው። ፍቅሩም አብሮ ይቀበራል። በወሬ አውታሩ የድል ዜና ሲነገር የነበረውን ዘመቻ የዜናው ኃላፊ ራሱ በልቦለድ መልኩን ገልጦ አሳየው ማለት ነው።

የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም.

መጽሐፉ ገና ከመሰራጨቱ ታገደ፤ በየመሸጫው ያለውም ተሰበሰበ። ሹማምንቱ በገጸ ባሕርዮቹ ውስጥ ራሳቸውን አይተው ነበርና ቁጣው ከባድ ሆነ። በዓሉ ከሥራው ተባረረ። ለወራት ያለ ሥራ ተቀመጠ።

የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ማታ ከቤቱ በመኪናው እንደወጣ አልተመለሰም። ቮልስዋገን መኪናው ወደ ደብረ ዘይት በሚወስደው መንገድ ቃሊቲ አካባቢ ቆማ ተገኘች። ሰውየው ግን የለም። ባለቤቱና ሦስት ልጆቹ ቢጠብቁ፣ ቢጠይቁ መልስ የሚሰጥ ጠፋ። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ ባለሥልጣናቱ ለፍርድ ሲቀርቡም ቢሆን የበዓሉ ነገር ጠርቶ አልወጣም። መቃብሩ እስከ ዛሬ አይታወቅም። በደርግ ዘመን እንደተገደለ የሚጠራጠር ሰው ባይኖርም፣ ማን ወሰደው፣ የት አደረሰው የሚለው ግን በማስረጃ የተዘጋ ጥያቄ አይደለም።

በወንጀል ልቦለድ ውስጥ አንድ ሰው ደብዛው ከጠፋ ቢያንስ በመጨረሻው ምዕራፍ ሬሳው ይገኛል፣ ገዳዩም ይታወቃል። የበዓሉ ቤተሰብ ግን ይህን አላገኘም። በኛ ባህል ሟች ካልተቀበረ፣ ለቅሶው ካልተለቀሰ፣ ተዝካሩ ካልወጣ ሐዘን አይቋጭም። ስለዚህ ነገሩ የሥነ ጽሑፍ ታሪክ ብቻ ሳይሆን የአንድ ቤት ቁስል ጭምር ነው።

ለኛ ምን ይነግረናል?

ይህን ጽሑፍ የሚያነብ የወልድያ፣ የመርሳ ወይም የሐብሩ ልጅ፣ በዓሉ ከኢሉባቦር፣ ታሪኩ ከአሥመራ፣ እኛን ምን አገናኘን ይል ይሆናል። ነገሩ ግን ያን ያህል ሩቅ አይደለም። ከአዲስ አበባ በደሴ አድርጎ አሥመራ የሚያደርሰው አውራ ጎዳና በመርሳና በወልድያ በኩል ነው የሚያልፈው። የሰሜኑ ጦርነት በየዘመኑ ይህን መንገድ ይዞ ወርዷል፣ ወጥቷልም።

ሌላም አለ። በዓሉ በጠፋበት ዓመት ሰሜን ወሎ በድርቅ እየተጎዳ ነበር። መንግሥት ግን በመስከረም 1977 ዓ.ም. ለሚከበረው የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ሽር ጉድ ላይ ስለነበር ረሃቡን አደባባይ ማውጣት አልፈለገም። የኮረም መጠለያ ምስል በዓለም ቴሌቪዥን የታየው በዓሉ ካለፈ በኋላ፣ በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ነው። እውነት የሚናገር ጋዜጠኛ የሚጠፋበት አገር የተራበ ወገኑንም ለማየት ይዘገያል። ሁለቱ ነገሮች የአንድ በሽታ ምልክቶች ናቸው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ ወዲህም አካባቢያችን ጦርነትን በዓይኑ አይቷል። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በነበሩት ወራት ወልድያ ምን እንዳሳለፈች ለናንተ ማስረዳት አያሻም። "ኦሮማይ"ን ከዚያ በኋላ ያነበበ ሰው የናቅፋን ምዕራፍ እንደ ድሮ ታሪክ አድርጎ ማለፍ ይከብደዋል። በየትኛውም ወገን ይሰለፍ፣ የሚወድቀው የእናት ልጅ መሆኑን መጽሐፉ ያስታውሰዋል።

ማጠቃለያ

"ኦሮማይ" ከደርግ ውድቀት በኋላ በተደጋጋሚ ታትሞ ከእጅ እጅ ተዟዙሯል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በዴቪድ ደጉስታና በመስፍን ፈለቀ ይርጉ ተርጓሚነት በእንግሊዝኛ ታትሞ ለውጭ አንባቢ ደርሷል። ይህ ደስ ያሰኛል። የሚያሳስበን ሌላ ነው። ብዙ ሰው የበዓሉን አሟሟት ያወራል እንጂ መጻሕፍቱን አያነብም። ስለ ቮልስዋገኗ ሲነገር ሁሉም ጆሮውን ያቆማል፤ ስለ አበራ ወርቁ፣ ስለ ሐዲስ ሳህሌ፣ ስለ ሲራክ ሲነሳ ግን የሚያውቅ ጥቂት ነው።

አንድ ደራሲ ሁለት ጊዜ ሊጠፋ ይችላል፤ አንዴ ሰዎች ሲያጠፉት፣ ሌላ ጊዜ አንባቢ ሲተወው። የመጀመሪያውን መመለስ አንችልም፤ ሁለተኛው ግን በእጃችን ነው። በቤተ መጻሕፍታችን መደርደሪያ ላይ ስድስቱም መጻሕፍት እንዲኖሩ ብንጥር፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ስንመርጥም "የሕሊና ደወል"ን ከ"ሐዲስ" ጋር ማነጻጸርን ወይም የ"ኦሮማይ"ን የስለላ ሴራ መመርመርን ብናስብ ለክፍላችንም ለደራሲውም የሚጠቅም ሥራ ይሆናል። የጠፋውን ሰው ፍለጋ ከዚያ ይጀመራል።