የቋራዋ እቴጌና የሴቶች መሬት

ከጎንደር ወገን የመጣችሁ አባቶችና እናቶች ቁስቋምን ታውቁታላችሁ። ያን ግቢ ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው።

አገራቸው ቋራ ነው። አፄ በካፋ አገቧቸው፣ በ1730 በአውሮፓ አቆጣጠር ንጉሡ ሲሞቱ ልጃቸው ኢያሱ ገና ሕፃን ነበርና እቴጌዋም ዘውድ ደፍተው አብረው ገዙ። የቋራ ዘመዶቻቸውን ሾሙ፣ ወንድማቸው ወልደ ልዑልም ራስ ሆነ።

ለቁስቋም ደብር ብዙ መሬት ሰጡ፣ ተመዘገበም። ከዚህ ውስጥ ሪም የሚባለው የካህናት ድርሻ ይሸጥ፣ ይወረስም ነበር። ሴቶችም ገዙት፣ ሸጡት፣ ለልጆቻቸው አወረሱት። ራሳቸው ስለማይቀድሱ አገልግሎቱን የሚፈጽም ሰው በምትካቸው ያቆማሉ። ሽያጩ ከነምስክሮቹ ስም በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ላይ ይጻፋል።

ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። በባላገሩም ቢሆን ሴት ልጅ ከእናት ከአባቷ ርስት ድርሻ ነበራት፤ ግን ራቅ ብላ ስትዳር መሬቱ በወንድሞቿ እጅ ይቀራል። እርሻ የወንድ ሥራ ነው ስለሚባል ባሏ የሞተባት ሴት አራሽ ፈልጋ ምርቱን ታካፍላለች። ክርክር ሲነሳ የሚያድናት የሽማግሌ ቃል ብቻ ነው። የጎንደር እመቤቶች ግን ብራና ላይ የተጻፈ ማስረጃ ነበራቸው።

እመቤቶች አልኩ እንጂ ሁሉም ሴት አልነበረችም። ቤተ እስራኤል በአፄ ይስሐቅ ዘመን በሃይማኖታቸው ምክንያት ርስታቸውን ከተነጠቁ 300 ዓመት አልፎ ነበር። ጎንደርን በግንበኝነት፣ በአናጢነትና በቀጥቃጭነት አገልግለው መሬት ያገኙ ነበሩ፤ ብዙው ግን የሰው መሬት እያረሰ ይኖር ነበር። የሸክላ ሠሪዋን እናት ስም በዚያ ብራና ላይ ማን ይጽፍላታል?

የእቴጌዋ መጨረሻ አላማረም። ልጃቸው ኢያሱ በ1755 ሞተ። የልጅ ልጃቸው ኢዮአስ በ1769 በራስ ሚካኤል ስሑል እጅ ተገደለ። ሥልጣኑ ከቤታቸው ወጣ፣ እሳቸውም በ1773 አረፉ። መሳፍንቱ ሲዋጉ ቤተ መንግሥቱ ተዳከመ፤ በቁስቋም መጻሕፍት ላይ ግን ሴቶች መሬት ሲገዙና ሲሸጡ መጻፉ አልቆመም።