ሐሊም ኤል-ዳብ፦ ከካይሮ የዛር ድምፅ እስከ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ

የኤሌክትሮአኩስቲክ ሙዚቃ ታሪክ ሲጻፍ መነሻው ዘወትር ፓሪስ ነው፤ ዓመቱም ፒየር ሼፈር የባቡር ድምፅ ቀርጾ ያቀናበረበት 1948 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.፤ ቀጥሎ ያሉትም እንዲሁ)። ከዚያ በአራት ዓመት ቀድሞ ግን ካይሮ ላይ አንድ የግብርና ተማሪ ተመሳሳይ ሥራ ሠርቶ ነበር።

ሐሊም ኤል-ዳብ በ1921 ካይሮ ውስጥ ከኮፕት ቤተሰብ ተወለዱ። በ1945 በግብርና ምህንድስና ተመረቁ፤ ሙዚቃው ግን ከትምህርቱ ጎን ለጎን አልተለያቸውም። በ1944 ከአንድ ሬዲዮ ጣቢያ የሽቦ መቅረጫ ተዋሱ። ይህ መሣሪያ ድምፅን በቀጭን የብረት ሽቦ ላይ በማግኔት የሚያሰፍር፣ ከባድና ለአያያዝ የማይመች ነበር። እሱን ይዘው ሴቶች ብቻ ወደሚታደሙበት የዛር ሥርዓት ተሸፋፍነው ገቡ፤ ዝማሬውንም ቀረጹ።

ትልቁ ሥራ የተሠራው ከቀረጻው በኋላ ነው። ድምፁን በጣቢያው ስቱዲዮ ደጋግመው እያጫወቱ እንደገና ቀረጹት፤ ተንቀሳቃሽ ግድግዳዎችን እያቀራረቡና እያራራቁ የማሚቶውን መጠን ለወጡ፤ መሠረታዊውን ድምፅ እየቀነሱ በላዩ የሚያንዣብቡትን ቀጫጭን ድምፆች አስቀሩ። ቃሉ ጠፍቶ የድምፁ ጥላ ብቻ ቀረ። ዛሬ የድምፅ ንድፍ የምንለው ይኸው ነው፤ ልዩነቱ የእጅ ሥራ መሆኑ ብቻ ነው።

ለወሎ አጥኚ ጉዳዩ ከዚህም በላይ ይቀርባል። ብዙ ተመራማሪዎች የካይሮው ዛር በ19ኛው መቶ ዘመን ከኢትዮጵያና ከሱዳን በባርነት ከተወሰዱ ሴቶች ጋር እንደገባ ያምናሉ። ስለዚህ የዚህ ፈር ቀዳጅ ቅንብር ጥሬ ዕቃ ከእኛው ምድር ጋር ዝምድና አለው ማለት ድፍረት አይሆንም። ነገር ግን ተሸፋፍኖ መቅረጽ ዛሬ በየትኛውም የምርምር ሥነ ምግባር አያልፍም። በአርዲቦ ሐይቅ ዙሪያ መቅረጫ ይዞ የሚወጣ ተመራቂ ተማሪ ከእሳቸው ዘዴውን እንጂ አገባባቸውን ሊወስድ አይገባም።

በ1950 ወደ አሜሪካ ተሻገሩ፤ ለማርታ ግራሃም «ክላይተምኔስትራ» (1958) ሙዚቃ ደረሱ፤ በ1959 ወደ ኮሎምቢያ-ፕሪንስተን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል ተጋበዙ። የጊዛ ፒራሚዶች የድምፅና ብርሃን ትርኢት ሙዚቃም የእሳቸው ነው።

ከ1962 እስከ 1964 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። በ1963 የመሠረቱት ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ክራርን፣ ማሲንቆን፣ በገናን፣ ዋሽንትን፣ እምቢልታንና ከበሮን በአንድ መድረክ አሰለፈ። የሕይወት ታሪካቸውን የሚጽፉ ሰዎች ይህን ዘመን በሁለት መስመር ያልፉታል፤ የስቱዲዮ ሰው ለአፍታ ወደ ባህል ሙዚቃ ዞር ያለበት አድርገውም ይቆጥሩታል። እኔ አልስማማም። ክራር ለየቅኝቱ ይቃኛል፤ ከትዝታ ወደ አምባሰል ሲዞር ክሮቹ ይለወጣሉ። እምቢልታ በአንጻሩ አንድ ተጫዋች ጥቂት ድምፅ ብቻ የሚያወጣበት መሣሪያ ስለሆነ ዜማው የሚሞላው በቡድን ነው። በየአካባቢያቸው ለየብቻ ያደጉ መሣሪያዎችን ማስማማት በ1944 በግድግዳና በማሚቶ ከጠየቁት የድምፅ ቀለም ጥያቄ የተለየ አይደለም፤ እዚህ የተለወጠው ማሽኑ በሰው መተካቱ ነው። ባለሙያዎቹ በየክልላቸው የማያውቋቸውን ሙያተኞች እየሰሙ በመጫወት ምላሽ መስጠት ነበረባቸው።

ኦርኬስትራው እሳቸው ከሄዱ በኋላም ቀጠለ። ጆን ኮ፣ ቀጥሎም ተስፋዬ ለማ መሩት፤ በ1975 ተበተነ። ቀረጻዎቹ በ2007 በ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ 23ኛ ቅጽ ታትመዋል። ኤል-ዳብ በሃዋርድ፣ ከ1969 ጀምሮም በኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ አስተምረው በ2017 በ96 ዓመታቸው ኬንት፣ ኦሃዮ ውስጥ አረፉ። ከካይሮው የዛር ቅንብር ለአድማጭ በስፋት የቀረበው የሁለት ደቂቃ ያህል ቁራጭ ነው።